እስከዚህች ሰዓት ያደረሰን፦ የፍልሰታ ሰሞን ጉዞ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ነሐሴ 11፣ እንጦጦ

ከሽሮ ሜዳ በላይ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር የከተማው ጩኸት ወደ ኋላ ይቀራል። ጉሙ እስከ አስፋልቱ ወርዶ ባሕር ዛፉን ውጦታል። ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ እየወጡ ቁልቁል የሚወርዱት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ናቸው። ሸክማቸው ከቁመታቸው ይረዝማል፤ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከእግራቸው ሥር ሳያነሡ ነው የሚሄዱት። የታክሲው ሾፌር ጥግ ይዞ አሳለፋቸው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት በመስኮቱ «እመ ብርሃን ታቅልልላችሁ» ሲሉ አንዷ ከሸክሙ ሥር ሆና «አሜን፣ ተመስገን» ብላ መለሰች።

ያ «ተመስገን» ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። እኔም ከማለዳ ጀምሮ ደህንነቴን ለጠየቀኝ ሁሉ ያንኑ ቃል ስመልስ ነበር፤ የእኔ ግን ያለ ሸክም ነው። አምና በዚህ ሰሞን እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበረች። ያን ጊዜ ጸሎት ፍለጋ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ደረጃ ስወጣ፣ ወረፋ ስጠብቅ፣ የመድኃኒት ዋጋ ስጠይቅ ራሱ ይመጣ ነበር። ዘንድሮ እናቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ልመናዬ ተሰምቷል። አሁን የቀረኝ ጥያቄ ሰው በደህናው ቀን በምን ጉልበት ይጸልያል የሚለው ነው። የፍልሰታን የመጨረሻ ቀናት ከቤት ወጥቼ በከተማዋ ዳርቻ ያሉትን ደጆች ለመሳለም የተነሣሁት ለዚህ ነው፤ ነሐሴ 16ን እዚሁ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ልውል አስቤአለሁ።

በመጀመሪያ እንጦጦ ማርያምን ተሳለምኩ። ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው፣ በ1882 ዓ.ም.። ሁላችንም በትምህርት ቤት የተማርነው ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው፣ ዘውዱ የተጫነበት ዘመን አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ዘመን መሆኑ ነው። የከብት በሽታ ገብቶ በሬ አልቆ፣ እርሻ ጦም አድሮ፣ ሰው በየመንገዱ የሚወድቅበት ጊዜ ነበር። በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር፣ ምናልባትም በአንድ ቅዳሴ ውስጥ የንግሥ እልልታና የረሃብ እግዚኦታ አብረው ወደ ሰማይ ወጥተዋል። ከደጀ ሰላሙ ሥር ቆሜ ይህን ሳስብ፣ ደህና ቀንና ክፉ ቀን ተራ ጠብቀው የሚመጡ እንግዶች ናቸው ማለት ከበደኝ።

ማታ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ለሱባዔ ሰዎች ከሚከራዩት የቆርቆሮ ክፍሎች በአንዱ አደርኩ። 3,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የነሐሴ ሌሊት አጥንት ይሰብራል። ከመንፈቀ ሌሊት በፊት የሰዓታቱ ዜማ ተሰማ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የደረሰው ያ ምስጋና በጉም ውስጥ ሲመጣ ከየት አቅጣጫ እንደሆነ አይታወቅም። ነጠላዬን ደርቤ ተነሣሁ።

ነሐሴ 12፣ የካ ዋሻ ሚካኤል

ወደ ከተማ ወርጄ በየካ በኩል እንደገና ሽቅብ። ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ዋሻ ሚካኤል ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ መቅደስ ነው፤ ትውፊቱ እስከ አብርሃና አጽብሐ ያደርሰዋል፣ የታሪክ አጥኚዎች ደግሞ ከዚያ በብዙ ያዘገዩታል። ለእኔ የሚበቃኝ የመሮውን ፈለግ በጣቴ መዳሰሴ ነው። ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ፣ ዝናብ የጠጣ፣ አረንጓዴ ሽበት የለበሰ ድንጋይ። ያን ድንጋይ የፈለፈለው ሰው የመጨረሻውን ቅዳሴ ይስማው አይስማው አይታወቅም፤ እየፈለፈለ መጸለዩን ግን አልጠራጠርም።

ወርኀዊው የሚካኤል በዓል ስለሆነ ሰው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ አንድ አናጢ ትልቅ ድፎ ዳቦ ተሸክሞ መጣ። አንድ አባት ባርከው ቆረሱት፤ ሰውየውም በሰፌድ ይዞ ለእያንዳንዳችን አዳረሰ። የሰባት ዓመት ልጁ ከኋላው ውኃ በጣሳ ታቀርባለች። አጠገቤ የነበሩ ባልቴት ነገሩን ያውቁት ነበርና ነገሩኝ፤ ሰውየውና ሚስቱ ለብዙ ዘመን ልጅ አጥተው እዚህ ይመላለሱ ነበር። ልጅቱ ተወለደች። እሱ ግን መምጣቱን አላቆመም፤ በየወሩ በ12 ዳቦውን ይዞ ይመጣል።

ቀረብ ብዬ «ወንድሜ፣ ስለትህን ካደረስክ ቆይተሃል አሉኝ፤ በየወሩ መምጣቱ አይከብድም?» አልኩት። ሰፌዱን ሳያስቀምጥ፣ እንደዋዛ፣ «እየለመንኩ ሳለሁ በየወሩ ነበር የምመጣው። ተሰጥቶኝስ ለምን በዓመት አንዴ ይሁን?» አለኝና ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 አሥር ለምጻሞች በሩቅ ቆመው ይጮኻሉ። አሥሩም ይነጻሉ። ተመልሶ በእግሩ ሥር የሚወድቀው አንድ ነው፣ እሱም ሳምራዊ። ይህን ታሪክ ሲሰበክ በሰማሁ ቁጥር ዘጠኙን ስወቅስ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ያሰብኩት ስለ መንገዱ ነው። ዘጠኙ ክፉ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ። ቤታቸው ናፍቋቸዋል፤ ልጆቻቸውን ከሩቅ ብቻ ሲያዩ ነው የኖሩት። ደስታ ወደ ቤት ያስቸኩላል። ያ አንዱ ከቤቱ በፊት ወደ ኋላ መመለስን መረጠ። አናጢው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በየወሩ ከቤቱ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ነሐሴ 13፣ የሰንዳፋ መንገድ

ቡሄ። ከለገጣፎ አለፍ ብሎ አንዲት የእናቴ ዘመድ ቤት ውዬ አደርኩ። ጅራፉ ከንጋት ጀምሮ እንደ ተኩስ ይጮኻል። የሰፈሩ ልጆች በዱላቸው መሬቱን እየመቱ፣ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፤ ሙልሙሉም ከምጣዱ እየወጣ ለልጆቹ ይታደላል። ስለ በዓሉ ብዙ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ይህን የሚያነብ ሁሉ የራሱ ቡሄ አለው።

ከቤቱ ጀርባ ያለውን ማሳ ግን መዝለል አልችልም። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ናቸው። ባለፈው ሳምንት በረዶ ወርዶ አበባ የያዘውን ባቄላቸውን ከሥሩ ነቅንቆታል። ግንዱ ቆሟል፣ ቅጠሉ ግን እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ነጭና ጥቁር አበባው ጭቃ ውስጥ ተለውሷል። ሽማግሌው አንዱን ዘለላ አንሥተው በመዳፋቸው ገለበጡትና መልሰው አስቀመጡት። «አባባ፣ እግዚአብሔር ይተካልዎ» አልኳቸው። «አሜን ልጄ። ጤፉን አልነካውም» አሉኝ፤ ጣታቸውን ወደ ታችኛው መስክ ዘርግተው፣ ገና ብቅ ያለውን ስስ አረንጓዴ እያሳዩኝ። ከዚያ ቡሄ ነውና ወደ ቤት ገብተን ዳቦ እንድንቀምስ ጋበዙኝ።

ማታ ዳዊቴን ገልጬ ጸሎተ ዕንባቆምን አነበብኩ። ከ150ው መዝሙር በኋላ በዳዊት መጽሐፍ የተያያዙት የነቢያት ጸሎቶች አሥራ አምስት ናቸው፤ የዕንባቆም አንዱ ነው። በለሱ ባያፈራ፣ ወይኑ ባይዝ፣ እርሻው እህል ባይሰጥ፣ በጉ ከበረት፣ ላሙ ከጋጥ ቢጠፋ፣ እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል ነቢዩ። ይህን በከተማ፣ በሶፋ ላይ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዛሬ ባቄላውን አይቼ ሳነበው ነቢዩ የሚያወራው ስለ ግጥም እንዳልሆነ ገባኝ። የሚዘረዝረው የአንድን ገበሬ ቤት ንብረት ነው፣ ከዛፉ እስከ በረቱ። ሰውየው የጎደለውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው ደስ ይለኛል ያለው። ኀዘኑን አልደበቀም፣ አላሳነሰም።

በዓሉም ራሱ እዚህ ላይ አስተማሪ ነው። ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን ሲገልጥ ጴጥሮስ በዚህ መኖር ለእኛ መልካም ነው፣ ሦስት ዳስ እንሥራ ይላል። በደህና ቀን ሁላችንም ዳስ መሥራት ያምረናል። ከተራራው ሲወርዱ ግን የሚጠብቃቸው ልጁ እሳትና ውኃ ውስጥ የሚወድቅበት አባት ነው፤ ማቴዎስ ሁለቱን በአንድ ምዕራፍ፣ በ17ኛው፣ አገናኝቶ ጽፏቸዋል። ከተራራው በታች ያለው ክፉ መንፈስ ያለ ጾምና ጸሎት አይወጣም የተባለውም እዚያው ነው። ቡሄ በጾም መካከል መዋሉ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ሙልሙሉን በልተን ነገ ደግሞ እንጾማለን።

ነሐሴ 14፣ ሰበታ

ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከተማዋን አቋርጬ ሰበታ ደረስኩ። መንገዱ አድካሚ ነበር፤ የሚነገር የለውም። የመጣሁት ወደ ሴቶች ገዳሙ ነው፣ ጌቴሴማኒ ወደሚባለው። ቀኑን መርጬ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ነሐሴ 14 ሐዋርያት ሁለት ሱባዔ ጾመው የእመቤታችንን ሥጋ ተቀብለው በጌቴሴማኒ የቀበሩበት ቀን ነው። ጌታ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ እስኪወርድ የጸለየውም በጌቴሴማኒ ነው። ትናንት በታቦር የነበሩት እነዚያው ሦስቱ፣ ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ፣ በዚያ ሌሊት ከጌታ አጠገብ ነበሩ። ሉቃስ በታቦርም እንቅልፍ ከብዷቸው እንደነበር ጽፏል። በብርሃኑም ተኙ፣ በጭንቁም ተኙ። ሰው በሁለቱም ቀን መንቃት ይከብደዋል ማለት ነው፤ ጌታም ትጉና ጸልዩ ያላቸው ደካማ መሆናቸውን አውቆ ነው።

ከቅጽሩ ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር፣ አንዲት እማሆይ ጥጥ ሲፈትሉ አገኘሁ። እንዝርቱ ይሽከረከራል፣ ከንፈራቸውም ይንቀሳቀሳል። እጅ ነሥቼ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ክሩ ሲያልቅ ቀና ብለው «ቁጭ በይ ልጄ፣ እርጥብ ነው፣ ይቺን አንጥፊ» ብለው ማዳበሪያ ከረጢት ሰጡኝ።

የልቤን አወራኋቸው። አምና ሲጨንቀኝ እንዴት እንደጸለይኩ፣ ዘንድሮ ደህና ስሆን ጸሎቴ እንደቀጠነብኝ። እማሆይ አልገሠጹኝም። የሐናን ጸሎት በቃሌ አውቀው እንደሆነ ጠየቁኝ። ግማሹን አልኳቸው።

«ሐና ሁለት ጊዜ ነው የጸለየችው» አሉኝ። «በመጀመሪያ ልጅ አጥታ፣ ድምፅዋ ሳይሰማ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ያላት ጊዜ። ሁለተኛ ሳሙኤልን ወልዳ፣ ጡት አስጥላ፣ ለቤተ መቅደስ ልትሰጠው ያመጣችው ጊዜ። በዳዊታችን ላይ የምንደግመው የትኛውን ነው?»

«ሁለተኛውን» አልኳቸው፤ አስቤው አላውቅም ነበር።

«ሕዝቅያስስ?»

ሕዝቅያስ ታሞ ሊሞት ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ አሥራ አምስት ዓመትም ተጨመረለት። በነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍ ምዕራፍ 38 የተጻፈውና ከዳዊት ጋር የምንደግመው ጸሎቱ ግን ከዳነ በኋላ የጻፈው ነው። እማሆይ ይህን ሲነግሩኝ እጃቸው ከጥጡ አልተነሣም። ለዮናስ ሲደርሱ ግን እንዝርቱን አሳረፉት። «ዮናስ ደግሞ አልወጣም ገና። ዓሣ አንበሪው ሆድ ውስጥ ሆኖ ነው ስለቴን እከፍላለሁ፣ በምስጋና ቃል እሠዋለሁ የሚለው። የጨለማ ምስጋና ነው የእሱ።»

ዳዊትን ከልጅነቴ ጀምሮ ስደግም እነዚህ ሦስቱ በተለያየ ሰዓት የተጸለዩ መሆናቸውን ልብ ብዬ አላውቅም። አንዷ ከተሰጣት በኋላ፣ ያውም የተሰጣትን መልሳ በሰጠችበት ቀን። አንዱ ከአልጋው ከተነሣ በኋላ። አንዱ ገና በጭንቁ መካከል። ዕንባቆም ደግሞ ጎተራው ባዶ ሆኖ። ሰብስበው በአንድ መጽሐፍ ያሰሩልን አባቶች፣ አንባቢው በየትኛው ቀን ላይ እንዳለ አልጠየቁም። ያዘነውም የተደሰተውም ሁሉንም ይደግማል። ያዘነው የሐናን ደስታ በአፉ ይይዛል፤ የተደሰተው የዮናስን ጨለማ። ለዚህ ይመስለኛል ዳዊት የሚደግሙ እናቶቻችን መከራ ሲመጣ ቃል የማያጡት፤ ቃሉን በደህናው ቀን ሲለማመዱት ኖረዋል።

ስነሣ «እናትሽ ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ። ክርስትና ስሟን ነገርኳቸው። «እንግዲህ በምስጋናው በኩል እጠራቸዋለሁ» አሉ።

ነሐሴ 15፣ ወደ እንጦጦ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ተመልሼ ስደርስ የኪዳነ ምሕረት ግቢ ነጠላ ለብሶ ነበር። ክፍል ጠፋ፤ ከአንዲት የእኔ እኩያ ከምትሆን ሴት ጋር በአንድ ክፍል ገባን። ሰሌኗን ለሁለታችን አነጠፈች። ለማታ ሁለታችንም የነበረን ጥሬ ሽምብራ ነው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የስልኳ ማስታወሻ ጮኸ። ከቦርሳዋ እንክብል አውጥታ፣ በትንሽ ጀሪካን ከያዘችው ጸበል በጣሳ ቀድታ፣ አማትባ ዋጠች። «የኤች አይ ቪ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። እዚሁ ጸበል የመጣችው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ተሸክመው ነበር ያመጧት። ያ ጊዜ ብዙ ሰው ከየአገሩ ተሰዶ በዚህ ተራራ ላይ የሰፈረበት ጊዜ ነበር። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል የመሰላቸው ሰዎችም ነበሩ። አጠገቧ የተኙ፣ ጸበሉን ብቻ ብለው እንክብሉን የተዉ፣ ዛሬ የሌሉ ሰዎችን አስታውሳ አለቀሰች። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ እንክብሉን በጸበል መዋጥ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ እሷ መድኃኒቷን ጀምራ ነበር። «እኔስ በሁለቱም እጁ ነው ያነሣኝ» አለችኝ።

እንዲህ ያለውን ነገር በጽሑፍ ማስፈር ግዴታዬ ይመስለኛል። ጸሎት ሐኪም ያስተወው ሰው ዛሬም አለ። ሕዝቅያስ ጸልዮ በተሰማለት ጊዜ እንኳ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ አድርጉ ብሏል፤ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነው፣ ከጸሎቱ ቀጥሎ።

ነሐሴ 16፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት

ሌሊቱን ቆመን አደርን። ቅዳሴው በጸሎተ አኮቴት ሲጀምር ዲያቆኑ ጸልዩ አለ፤ ካህኑም ያን ሁልጊዜ የምንሰማውን ምስጋና አሰማ፦ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናልና እናመስግነው። ስለ ሁሉም ነገር፣ በሁሉም ነገር ውስጥ። በቀኜ ያቺ የክፍል ጓደኛዬ፣ በግራዬ ፎቶ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘች ወጣት። ካህኑ ማን ምን ይዞ እንደመጣ ሳይለይ ለሁላችንም አንድ ምስጋና ሰጠን፤ ልመናችንን ከዚያ ቀጥሎ አሰማ። ለዓመታት የሰማሁት ሥርዓት ነው። ከእማሆይ ዘንድ ከመጣሁ በኋላ ግን ልመናው ሳይቀድም ምስጋናው የቀደመበት ምክንያት ጆሮዬን ያዘኝ፤ መለመን የቻልነው እስከዚህች ሰዓት ስለደረስን ነው።

ሲነጋ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ስለት ማስገባት ተጀመረ። አንዲት እናት ትልቅ ጥልፍ ጃንጥላ ይዘው ቀረቡ። ከስደት ሦስት ዓመት ድምፁ ጠፍቶ የነበረ ልጃቸው ተመልሶ ከጎናቸው ቆሟል። አባ በድምፅ ማጉያው ሲናገሩ ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። በግራዬ ያለችውን ወጣት አየኋት። ቅድም በቅዳሴው መካከል ወንድሟ በባሕር ሲሻገር ከጠፋ ሁለተኛ ዓመቱ መሆኑን ሹክ ብላኛለች። ፎቶውን በመዳፏ አፍና፣ እንባዋ እየወረደ፣ ከሁላችንም አስረዝማ እልል አለች።

ያን እልልታ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። የእሷ ቀን አልደረሰም። የሰው ቀን ሲደርስ ግን አፏን አልዘጋችም። እኔም አምና ለምኜ የተሰጠኝን፣ እናቴን፣ ስሟን ጠርቼ ድምፄ እስኪሻክር አብሬያት እልል አልኩ። ከዚያ ተጠጋኋትና የወንድሟን ክርስትና ስም ጠየቅኋት፤ በዳዊቴ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩት። ከዛሬ ጀምሮ የሐናን ስደግም የእሱን ስም እጠራለሁ።

ጾሙ ተፈታ። በአጥሩ ጥግ አንዲት ሴት የምትሸጠውን ትኩስ ወተትና ዳቦ ሦስታችን ተካፈልን። ወጣቷ ወደ ሱሉልታ፣ እኛ ወደ ሽሮ ሜዳ ነን። የክፍል ጓደኛዬ ነሐሴ 20 የሐኪም ቀጠሮ አላት፤ የደም ምርመራዋ ውጤት ይነገራታል። ብቻዋን እንዳትሄድ አብሬያት ልሄድ ተቀጣጥረናል፤ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ከእናቴ ጋር ቁርስ በልተን።